ልጅ በሌለበት ወላጅነትን መማር

የወላጅነት ሥልጠና እንዲወስዱ በፍርድ ቤት የታዘዙ እናቶችና አባቶች የሚሰበሰቡበትን ክፍል ያየ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው በጎደለው ነገር ላይ ነው። ወንበሩ አለ፣ ሰሌዳው አለ፣ ጥራዙ አለ፣ አሠልጣኙም በሰዓቱ ተገኝቷል። ልጅ ግን የለም። ልጁ ለጊዜው በሚያሳድገው በአደራ ቤተሰብ ዘንድ ወይም በዘመድ ቤት ነው። እናት ልጇ ሲያለቅስ እንዴት እንደምታባብለው፣ ሲያጠፋ ምን እንደምትለው፣ አልተኛም ሲል እንዴት እንደምታስተኛው በጥንቃቄ ትጽፋለች። የጻፈችውን ማታ ቤቷ ገብታ የምትሞክርበት ልጅ ግን ሌላ ጣሪያ ሥር ያድራል።

በሕፃናት ጥበቃ ሥራ ከእንዲህ ዓይነት ቤተሰቦች ጋር ዕድሜዬን አሳልፌአለሁ ማለት ይቻላል። ብዙ ሥልጠና አይቻለሁ፤ አንዳንዱ በጥሩ ባለሙያ የሚሰጥ፣ አንዳንዱ ለስሙ ያህል የሚካሄድ። ዛሬ አጥብቄ የምይዘው አንድ ነገር ነው፤ ወላጅ ከገዛ ልጁ ጋር ሆኖ ያልተለማመደበት ሥልጠና፣ ዝግጅቱ ምንም ያህል ቢያምር፣ የተለያየን ቤተሰብ መልሶ የማገናኘት አቅም የለውም። ልጁ ከቤት ከወጣ በኋላ ደግሞ ወላጅና ልጅ ፊት ለፊት የሚተያዩት በጉብኝት ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ሥልጠናው መካሄድ ያለበት በዚያው ሰዓት ነው።

ሥርዓቱ እንዴት እንደሚሠራ ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልናገር። አንድ ሰው፣ ብዙውን ጊዜ መምህር፣ ሐኪም ወይም ጎረቤት፣ በልጅ ላይ ጉዳት ደርሷል ብሎ ይጠቁማል። ምርመራ ይካሄዳል። አደጋው ከባድ ነው ከተባለ ልጁ ከቤት ይወጣና ለወላጆቹ እቅድ ይወጣላቸዋል፤ መኖሪያ አስተካክሉ፣ ከአልኮል ወይም ከአደንዛዥ ዕፅ ተላቀቁ፣ በጉብኝት ቀን ተገኙ፣ የወላጅነት ሥልጠና ውሰዱ። ሥልጠናው ሲያልቅ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ወረቀቱ መዝገቡ ውስጥ ይገባል፤ ዳኛው ያዩታል። ጠበቃው «ደንበኛዬ የታዘዘችውን ሁሉ ፈጽማለች» ይላል። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ግን ዝም ትላለች፤ ምክንያቱም ወረቀቱ የሚናገረው እናትየዋ ክፍል ውስጥ መገኘቷን ብቻ ነው። ልጁ ነገ ቢመለስና ከመኝታ በፊት እሪ ቢል ምን እንደሚፈጠር ከወረቀቱ ላይ ማንበብ አይቻልም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ልጁን የመታ አባት አብዛኛውን ጊዜ መምታት ጥፋት መሆኑን አጥቶት አይደለም። ጠይቁት፤ ለእናንተ ያስተምራችኋል። ችግሩ ያለው በዕውቀቱ ላይ ሳይሆን ነገሩ በተጋጋለበት በዚያች ቅጽበት በሚያደርገው ላይ ነው። በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ከግልፍተኛ ልጆች ቤተሰቦች ጋር ለረጅም ዘመን የሠሩት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄራልድ ፓተርሰን ቤት ውስጥ ቁጭ ብለው በመመልከት ያዩትን ገልጸውታል። እናት «መጫወቻህን ሰብስብ» ትላለች። ልጁ ያለቃቅሳል። ደግማ ታዝዘዋለች፤ ልቅሶው ወደ ጩኸት ይለወጣል። ደክሟታልና ትተወዋለች፤ ጩኸቱ ይቆማል። በዚያች ደቂቃ ሁለቱም ተምረዋል፤ ልጁ መጮህ እንደሚያዋጣ፣ እናት ደግሞ መተው ሰላም እንደሚያመጣ። በሚቀጥለው ቀን እናት አልሸነፍም ትላለች፤ ድምፅዋን ከልጁ በላይ ታደርጋለች፤ እጇን ታነሳለች። አሁን ዝም የሚለው ልጁ ነው። እሷም መምታት እንደሚሠራ ትማራለች። ማንም ሰው ይህን አስቦበት አያደርገውም። በቀን ብዙ ጊዜ ሲደጋገም ግን የቤቱ ቋንቋ ይሆናል።

እንዲህ ያለውን ልማድ በንግግር መንቀል አይቻልም። በድርጊት ተደጋግሞ የገባ ነገር የሚወጣው በድርጊት ሲደጋገም ነው፤ ያውም ከዚያው ልጅ ጋር፣ ልጁ በሚያበሳጭበት ሰዓት።

ይህን ከልብ የተረዳ አሠራር አለ። የወላጅና ልጅ መስተጋብር ሕክምና ይባላል። ሺላ አይበርግ የተባሉት የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1970ዎቹ የቀመሩት ሲሆን አሠራሩ ከውጭ ለሚያየው ቀላል ይመስላል። ወላጅና ልጅ መጫወቻ ባለበት ክፍል ይቀመጣሉ። አሠልጣኙ በአንድ ወገን ብቻ በሚያሳይ መስታወት ጀርባ ሆኖ ያያል፤ ወላጁ ጆሮ ውስጥ ትንሽ ማዳመጫ አለ። አሠልጣኙ በየቅጽበቱ ይናገራል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ጨዋታውን የሚመራው ልጁ ነው፤ ወላጁ የልጁን መልካም ሥራ በስሙ ጠርቶ ያመሰግናል፣ የተናገረውን ይደግምለታል፣ የሚሠራውን ይገልጽለታል፣ እንደ እሱ ይጫወታል፣ ደስታውንም ያሳየዋል። ጥያቄ፣ ትዕዛዝና ወቀሳ በዚያ ሰዓት ይቀራሉ። ቤት ውስጥም በየቀኑ አምስት ደቂቃ ያህል እንዲሁ ይጫወታሉ። ግንኙነቱ ሲሞቅ ብቻ ነው ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ የሚታለፈው፤ እዚያ ወላጁ አጭርና ግልጽ ትዕዛዝ መስጠትን፣ ልጁ ሲታዘዝ ወዲያው ማመስገንን፣ እምቢ ሲል ደግሞ ሳይጮሁና ሳይመቱ የተነገረውን መፈጸምን ይለማመዳል።

ቅደም ተከተሉ ከባድ ትርጉም አለው። ብዙ ወላጆች የሚመጡት «እንዴት እንደምቀጣው ንገሩኝ» እያሉ ነው። ፍርድ ቤቱም የሚፈልገው ቶሎ የሚታይ ሥርዓት ነው። ይሁን እንጂ ከወላጁ ጋር መሆን የማያስደስተው ልጅ ለመታዘዝ ምን ምክንያት አለው? የወላጁ ምስጋና ለልጁ ዋጋ ከማግኘቱ በፊት የሚሰጥ ትዕዛዝ ወደ ቀድሞው ጩኸት ይመልሳል።

እ.ኤ.አ. በ2004 ማርክ ቻፊንና ባልደረቦቻቸው በኦክላሆማ ያደረጉትን ጥናት ውጤት ባሰብኩ ቁጥር ይህን ሥራ የምናካሂድበት መንገድ ያንገበግበኛል። ልጆቻቸውን በአካል የጎዱ 110 ወላጆች በዕጣ ተመደቡ። አንዱ ቡድን በማኅበረሰቡ ውስጥ የተለመደውን የቡድን ትምህርት ወሰደ፤ ሌላው ከልጁ ጋር ሆኖ በማዳመጫ እየተመራ ተለማመደ። ክትትሉ በአማካይ 850 ቀናት ገደማ ሲደርስ ከተለመደው ትምህርት ከወጡት 49 በመቶ ላይ ዳግም የጥቃት ጥቆማ መጥቷል፤ ከተለማመዱት ግን በ19 በመቶው ላይ ብቻ። ልዩነቱን የፈጠረው ደግሞ በወላጅና በልጅ መካከል የነበረው ክፉ ቃልና ክፉ ምላሽ መቀነሱ ነበር።

በዚያው ጥናት ውስጥ ሦስተኛ ቡድንም ነበር። እነዚህ ወላጆች ልምምዱን አግኝተው በላዩ ላይ ሌሎች ተጨማሪ አገልግሎቶች ተሰጧቸው። ሁላችንም የምንጠብቀው የእነሱ ውጤት የተሻለ እንዲሆን ነው። አልሆነም፤ ተጨማሪው ነገር ውጤቱን አላሻሻለውም። እቅድ ስናወጣ በአንዲት እናት ላይ የአምስት ቢሮ ቀጠሮ የምንጭንባት እኛ ይህን ልብ ማለት አለብን። እናቲቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሮጥ ዋናው ነገር ከእጇ ያመልጣል።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ጄኒፈር ካሚንስኪና ባልደረቦቻቸው 77 የወላጅነት ሥልጠና ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው የትኛው የሥልጠና ክፍል ከትልቅ ውጤት ጋር አብሮ እንደሚታይ ፈተሹ። መልካም መስተጋብርን ማብዛት፣ ስሜትን ተነጋግሮ መረዳዳት፣ የሚያጠፋን ልጅ ለአጭር ጊዜ ገለል ማድረግን በአግባቡ መጠቀም፣ በቃል መጽናት፤ እና ወላጁ በሥልጠናው ሰዓት ከገዛ ልጁ ጋር እንዲለማመድ ማድረግ። የመጨረሻውን ሳነብ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ባዶ ወንበሮች ታወሱኝ። ውጤት ያመጣል ተብሎ በምርምር የተለየውን ነገር የእኛ አሠራር ከመነሻው የማይቻል አድርጎታል።

አሁን አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ አባት የአራት ዓመት ልጁን ለመጠየቅ መጥቷል። እጆቹ የጉልበት ሥራ የለመዱ ናቸው፤ ትንንሾቹ የእንጨት መጫወቻዎች በጣቶቹ መካከል ይጠፋሉ። ልጅቱ ጀርባዋን በግማሽ ሰጥታው እየደረደረች ነው። አባት ጭንቅ ብሎታል፤ ሰዓቱ እየሄደ ነው። «ይህ ምን ዓይነት ቀለም ነው? እነዚህስ ስንት ናቸው? ምሳ ምን በላሽ? አባዬን አልናፈቅሽም?» ይላል። መልስ የለም። የመጨረሻውን ሲጠይቅ ትከሻዋ ትንሽ ከፍ አለ።

አሠልጣኟ ከመስታወቱ ጀርባ በማይክሮፎኑ ቀስ ብላ ተናገረች፦ «አሁን ምንም አይጠይቋት። የምትሠራውን ብቻ ይናገሩላት።» አባት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ እንደተቸገረ በሚያስታውቅ ድምፅ «ሰማያዊውን... ከቀዩ ላይ አስቀመጥሽው» አለ። «ጥሩ ነው፤ ይቀጥሉ።» «ሌላ ደግሞ ጨመርሽበት። ቤት እየሠራሽ ነው።» ልጅቱ ሳትዞር «ቤት አይደለም፤ የመኪና ማቆሚያ ነው» አለች። አባት ሊስቅም ሊያርምም ሲል አሠልጣኟ ቀደመችው፦ «ያለችውን ይድገሙላት።» «የመኪና ማቆሚያ እየሠራሽ ነው።» ልጅቱ አንዱን እንጨት አንሥታ በጉልበቱ አጠገብ አስቀመጠችና «ያ ያንተ ነው፤ መንገዱን ሥራ» አለችው። «አሁን የሆነውን አዩ?» አለችው አሠልጣኟ። «አልጠየቋትም፤ ራሷ ጠራችዎት።»

ይህ ሁሉ የፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። ያ አባት ልጁን በጥያቄ ማጣደፉን በክፍል ውስጥ ቢነገረው «እሺ» ብሎ በጻፈው ነበር፤ ሲጠይቅ ግን መጠየቁን እንኳ አያውቀውም። ያወቀው ሲያቆም የሆነውን በዓይኑ ስላየ ነው።

ብዙው የጉብኝት ሰዓት ግን እንዲህ አይደለም። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መጫወቻው የተሰባበረ ነው። ጥግ ላይ አንድ ሰው ማስታወሻ ይዞ ተቀምጧል፤ ሥራው ማየትና መጻፍ ነው። ያንኑ አባት ያ ሰው አይቶት ቢሆን ኖሮ «አባት ብዙ ጠየቀ፤ ልጅቱ አልመለሰችለትም፤ ቅርበታቸው ደካማ ይመስላል» ብሎ ይጽፍ ነበር። ጽሑፉ ሐሰት አይደለም። ይሁንና አንድ ሰው ሲሳሳት አይቶ፣ እርማቱን በአፉ ይዞ፣ ዝም ብሎ ስሕተቱን መመዝገብ እንዴት ተገቢ ይሆናል? ያው ወንበር፣ ያው ሰዓት፣ ያው የደመወዝ ወጪ ነው። ልዩነቱ ጥግ ላይ ያለው ሰው ምን እንዲያደርግ እንደታዘዘ ብቻ ነው።

ከጉብኝት በኋላ የሚመጣውም ሌላ መከራ ነው። ልጁ ወደ አደራ ቤተሰቡ ሲመለስ ይነጫነጫል፣ አልበላም ይላል፣ ሌሊት ይቃዣል። የአደራ ቤተሰቡ በቅን ልቦና ይህን ይናገራል። አንዳንድ ቦታ መልሱ ጉብኝቱን መቀነስ ይሆናል። ልጅ ከሚወደው ሰው ሲለይ ሆድ ይብሰዋል፤ ይህ የክፉ ግንኙነት ማስረጃ አይሆንም። ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሹ ነው። እ.ኤ.አ. የ1989ኙ የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 9 ከወላጁ የተለየ ልጅ፣ ጥቅሙን የሚጎዳ ካልሆነ በስተቀር፣ ከወላጆቹ ጋር በቋሚነትና በቀጥታ የመገናኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። መብቱ የልጁ ነው። ስለዚህ ጉብኝትን ለወላጅ እንደ ሽልማት መስጠት ወይም እንደ ቅጣት መከልከል ከመነሻው ስሕተት ይመስለኛል።

ለጨቅላ ሕፃናት ጉዳዩ ይብሳል፤ ሕፃን ቀጠሮ አይጠብቅም። ሜሪ ዶዚየር በዴላዌር ዩኒቨርሲቲ ያዳበሩት አሠራር አሠልጣኙን ወደ ቤት ይወስደዋል፤ አሥር ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። አሠልጣኙ ከእናት ጎን ተቀምጦ በየደቂቃው የሚሆነውን ይናገራል፦ «አለቀሰ፤ ወዲያው አነሡት፤ እንዲህ ሲያደርጉ ሲከፋው ወደ እርስዎ መምጣት እንደሚችል ይማራል።» እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት የሕፃናት ጥበቃ አካል ዓይን ውስጥ ከገቡ ቤተሰቦች ልጆች መካከል፣ ይህን ካገኙት 32 በመቶው የተዛባ የእናትና ልጅ ትስስር ሲያሳዩ፣ ሌላ ዓይነት ሥልጠና ካገኙት ወላጆች ልጆች ግን 57 በመቶው እንዲሁ ነበሩ። አሥር ክፍለ ጊዜ! በሕፃንነቱ ያልደረስንለትን ልጅ በጉርምስናው ለማቃናት የሚወጣውን ድካም ለሚያውቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሥልጠና የማይደርስበትም ቦታ አለ፤ ይህን ካልተናገርኩ ያልኩት ሁሉ ጎደሎ ይሆናል። በአሜሪካ ጉዳት ደርሶባቸዋል ተብለው ከሚመዘገቡት ሕፃናት ሦስት አራተኛ የሚሆኑት ጉዳያቸው ዱላ አይደለም፤ ቸልተኝነት ነው። ቸልተኝነት ከሚባለው ውስጥ ደግሞ ስንቱ ድህነት ነው? ማሞቂያ የሌለው ቤት፣ እናት ለሥራ ስትወጣ የሚጠብቀው ያጣ ልጅ፣ ባዶ ማቀዝቀዣ። ለዚህች እናት የልጇን መልካም ሥራ በስሙ ጠርቶ ማመስገንን ማስተማር ስድብ ሊሆን ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 ያጸደቀው የሕፃናት አማራጭ እንክብካቤ መመሪያ የገንዘብና የቁሳቁስ ድህነት ብቻውን ልጅን ከወላጁ ለመለየት ምክንያት መሆን እንደሌለበት በግልጽ ይናገራል። ቤት ላጣ ሰው መልሱ ቤት ነው።

በቸልተኝነት ላይ የሚሠራ ሥልጠናም ቢሆን ቤት ድረስ ሄዶ በእጅ የሚያሳይ ሲሆን ነው የሚጠቅመው። ጆን ሉትዝከር እ.ኤ.አ. በ1979 በደቡብ ኢሊኖይ የጀመሩት ሥራ ሴፍኬር የተባለውን አሠራር ወልዷል። ሦስት ነገር ይዟል፤ የልጅ ጤና፣ የቤት ውስጥ አደጋ መከላከልና የወላጅና ልጅ መስተጋብር። ባለሙያው ከእናት ጋር ሆኖ ልጁ የሚደርስበትን መርዝ፣ መድኃኒት፣ ስለትና የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ እየዞረ ይፈልጋል፤ አብረው ያነሡታል። ልጁ ሲያተኩሰው መቼ ቤት እንደሚታከም፣ መቼ ሐኪም ቤት እንደሚሄድ ይለማመዳሉ። በኦክላሆማ 2,175 ወላጆች በተካተቱበትና እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት ይህን ያገኙ ቤተሰቦች የተለመደውን የቤት ለቤት አገልግሎት ካገኙት ይልቅ ዳግም ጥቆማቸው ቀንሶ ተገኝቷል። በደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ኬፕ በ40 መንደሮችና ሰፈሮች፣ በ552 ቤተሰቦች ላይ የተጠናው ሌላ ሥልጠና ደግሞ ለታዳጊዎችና ለወላጆቻቸው የተዘጋጀ ሲሆን፣ ከአሥራ አራቱ ክፍለ ጊዜያት ውስጥ ገንዘብን ማብቃቃትና መቆጠብ አንዱ ትምህርት ነበር። ይህን በጣም እወደዋለሁ። የወሩ ገንዘብ በወሩ አጋማሽ ያለቀበት ቤት ውስጥ ትዕግሥትም አብሮ እንደሚያልቅ የገባቸው ሰዎች ያዘጋጁት ነው።

በአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ወላጆች ደግሞ ከሁሉ በላይ ይረሳሉ። ጥራዝ ተሰጥቷቸው ማንበብ አልቻሉም፤ «ሥልጠናውን አልተከታተሉም» ተብሎ ይጻፍባቸዋል። በካናዳ ሞሪስ ፌልድማን ሕፃን ማጠብን፣ ጡጦ ማዘጋጀትን፣ ዳይፐር መቀየርን እያንዳንዷን እርምጃ በሥዕል አስቀምጠው እናቶችን ሲያስተምሩ ብዙዎቹ ተምረዋል። እንግዲህ «መማር አትችልም» የተባለችው እናት ብዙ ጊዜ ያላገኘችው የሚስማማትን አስተማሪ ነው።

ጊዜውም ይሮጣል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ሕግ ልጁ ካለፉት 22 ወራት 15ቱን በአደራ ቤተሰብ ከቆየ፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በስተቀር፣ የወላጅነት መብት እንዲቋረጥ አቤቱታ እንዲቀርብ ያዝዛል። የሕጉ ዓላማ ልጅ ዘመኑን ሁሉ ሲንከራተት እንዳይኖር ነው፤ ዓላማውን አልነቅፍም። ነገር ግን እናት ለሥልጠና ተራ ስትጠብቅ ወራት ይነጉዳሉ። ሥልጠናው በሥራ ሰዓት ነው፤ ከሄደች ሥራዋን ታጣለች፣ ከቀረች «ተባባሪ አይደለችም» ትባላለች። ሁለት አውቶቡስ ለውጣ ዘግይታ የደረሰች እናት በሩ ተዘግቶባት ስታለቅስ አይቻለሁ። በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ግን አንድ ቃል ነው፤ «ቀርታለች»።

ከዚህ ሁሉ በታች ደግሞ ኃፍረቱ አለ። ልጁ የተወሰደበት ሰው በመጀመሪያው ቀን የሚመጣው ተናዶ ነው፤ ወይም ፊቱን አጥቁሮ ወደ መሬት እያየ። እኔ ይህን እምቢተኝነት ብዬ አልጠራውም። የተሻለ ነገር ያደርጋል ብዬ ያገኘሁት በዚህ መንገድ ያለፈን ወላጅ ማምጣት ነው፤ ልጁ ተወስዶበት የነበረ፣ የተመለሰለት፣ አሁን ሌሎችን የሚረዳ። አንዲት እንዲህ ያለች እናት አዲስ የመጣችውን አጠገቧ አስቀምጣ «እኅቴ፣ እኔም እዚህች ወንበር ላይ ተቀምጬ ሁላችሁንም እጠላ ነበር» ስትላት ሰምቻለሁ። የእኛ ዲግሪ ያን በር አይከፍተውም።

የአደራ ቤተሰቡንም መርሳት አይገባም። ልጁ በሁለት ቤት መካከል ነው፤ አንዱ ጋ የተፈቀደው ሌላው ጋ ይከለከላል። እ.ኤ.አ. በ2006 ኦሪያና ሊናሬስና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት የወለደችውን እናትና ልጁን የያዘውን የአደራ ወላጅ አንድ ላይ ለ12 ሳምንታት አሠልጥነው ነበር፤ አብሮ ስለ ማሳደግም ተነጋገሩ። መልካም አያያዛቸውም መተባበራቸውም ተሻሻለ። ብዙ ቦታ ሁለቱ ሴቶች እንዳይተያዩ ሲደረግ አስባለሁ። ልጁ ምን ሲዘፈንለት እንደሚተኛ፣ የትኛውን ጨለማ እንደሚፈራ የምታውቀው አንደኛዋ ናት፤ ሌሊት አብራው የምትሆነው ደግሞ ሌላዋ።

ስለ አሠልጣኞቹ አንድ ነገር ልጨምር። የኦክላሆማው የሴፍኬር ጥናት የመረመረው ሌላ ጉዳይ የባለሙያዎቹን ክትትል ነበር፤ አንዳንዶቹን ልምድ ያለው አሠልጣኝ ቤት ድረስ አብሯቸው ሄዶ ያርማቸው ነበር። እኛ ግን ወጣት ባለሙያ ቀጥረን፣ ጥራዝ ሰጥተን፣ ብዙ ቤተሰብ አሸክመን፣ ብቻዋን እንልካታለን። በሁለት ዓመቷ ታክቷት ትለቃለች። ቤተሰቡም ታሪኩን ለአዲስ ሰው ከመጀመሪያ ይጀምራል።

ደስ የሚለኝ ለውጥም አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የቤተሰብ ቅድሚያ የመከላከል አገልግሎት ሕግ፣ ቀድሞ በአመዛኙ ልጅ ከቤት ከወጣ በኋላ ይወጣ ከነበረው የፌዴራል ገንዘብ ለወላጅነት ክህሎት፣ ለአእምሮ ጤናና ለሱስ ሕክምና ልጁ ገና ቤቱ እያለ እንዲውል ፈቅዷል፤ በማስረጃ የተደገፈ አሠራር እንዲሆንም ይጠይቃል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 የወላጅነት ሥልጠና ከሕፃን እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች ወላጆች በስፋት እንዲዳረስ የሚመክር መመሪያ አውጥቷል። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል፤ ልጁ ቤት እያለ የሚሰጥ ሥልጠና የምለማመድበት ልጅ የለም የሚለውን ችግር ከነጭራሹ ያስቀረዋል።

ልጃቸው ለወጣባቸው ግን ዛሬ የሚደረግ ነገር አለ፤ አዲስ ሕግም አይጠብቅም። በእቅድ ስብሰባ ላይ ስቀመጥ የምጠይቀው ይህን ነው። ሥልጠናው ልጁ ባለበት የሚካሄደው መቼ መቼ ነው? ጉብኝቱ ልጁ በሚበላበት፣ በሚታጠብበት ወይም በሚተኛበት ሰዓት ሊሆን ይችላል ወይ? ምክንያቱም ቤቱ የሚናጋው በእነዚያ ሰዓቶች ነው። ጥግ ላይ የሚቀመጠው ሰው ማሠልጠን ይችላል? ካልቻለ ማን ይተካው? እናትየዋ ከሥራ የምትወጣው ስንት ሰዓት ነው? የትራንስፖርቷን ማን ይከፍላል? ለፍርድ ቤት የሚቀርበው ዘገባስ መገኘቷን ብቻ ነው የሚናገረው ወይስ መጀመሪያ ላይ ምን ታደርግ እንደነበርና አሁን ምን እንደምታደርግ? አንዳንዴ ስብሰባው ከእነዚህ ግማሹን ይቀበላል። ባለፈው የተቀበሉት የራት ሰዓቱን ነው፤ እናትየዋ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ልጇን ራት እያበላች፣ አሠልጣኟ አጠገቧ ተቀምጣ ትለማመዳለች።